የእህቴን ዳፍንት ደበቅኩ

ሲመሽ ቀሚስሽን ጨምድዳ ይዛ የማትለቅ ልጅ ካለችሽ፣ "ፈሪ" ብለሽ ከመሳቅሽ በፊት ይህን አንብቢ። ፊደል ካልቆጠርሽ የሚያነብልሽ ሰው ጥሪ። ለእናቶች የምጽፈው አባቶችን አይመለከታቸውም ብዬ አይደለም። ፀሐይ ጠልቃ ኩራዝ ሳይበራ ባለችው አጭር ጊዜ ከልጅ ጋር የምትሆነው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ በሽታው ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው በዚያች ጊዜ ብቻ ነው።

ማርታ ባሳ እባላለሁ። የተወለድኩት በወላይታ፣ ከጉኑኖ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። የቀኝ ዓይኔ ደህና ያያል። ግራው ላይ ነጭ ጠባሳ ስላለ ብርሃንና ጥላ እንጂ ሰው አይለይም። የእኔ ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር፤ በአንዱ ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ሁለት ካላቸው ሰዎች ቀድሜ ነው። የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ስለ አመነች ነው። ሁለታችንንም የያዘን አንድ በሽታ ነበር። እኔ ዳንኩ፣ እሷ ሁለቱንም ዓይኖቿን አጣች፤ በጊዜ ሳትታከም የቀረችውም በእኔ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሃምሳዎቹ ሊገቡ ሲሉ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አመነች አራት። አባታችን ባሳ በመንደራችን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ይሰብክ፣ ፊደልም ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ የሣር ክዳን ያለው አንድ ክፍል ሲሆን፣ ሴት ተማሪዎች ሦስት ብቻ ነበርን። ትሕትና ይቅርና ከወንዶቹም ከሴቶቹም አንደኛ እኔ ነበርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ጠርቶ ያስነብበኝ ነበር፤ እኔም ሳይጠራኝ በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

እናታችን ወርቄ ግን ይህ ነገር አይጥማትም። "አዬ" እያልን ነው የምንጠራት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አዬ ፊደል ዓይን ይበላል ብላ ታምን ነበር። "ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ አፍጥጣ ዓይኗን ከጨረሰች በኋላ ጥጥ የሚፈትልልኝ ማን ነው?" ትለዋለች አባቴን። እሱም ይስቃል። "እኔ ይህን ያህል ዘመን አንብቤ ቁንጅናሽ መች ጠፋኝ?" ይላታል። አንድ ቀን ክርክሩ ረዘመና፣ ነገሩ እንዲያበቃ ብሎ አንድ ውል ገባላት፤ "ዓይኗን ያመማት ዕለት ከትምህርት ቤት አስወጣታለሁ፣ በቃ።" ቀልድም ይሁን ቁም ነገር አላውቅም። እኔ ግን በሩ አጠገብ ሆኜ ሰማሁት።

በዚያው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። አልተራብንም፣ ይህን አስተውሉ። ጎዳሬ ነበር፣ ስኳር ድንች ነበር፣ ቆጮ በዳጣ በርበሬ ነበር። ሆዳችን ሞልቶ ነው የምንተኛው። ጎመኑ ግን ጓሮው ውስጥ ደርቋል። ላማችን የምትሰጠው ጥቂት ወተት ደግሞ ይናጥና ቅቤው ወደ ሸክላው ይገባል። በወላይታ ወንዶች ለመስቀል በሬ መግዣ ገንዘብ እንደሚያጠራቅሙ ሁሉ ሴቶችም ለመስቀል ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። አዬ ከጎረቤቶቿ ጋር የቅቤ ዕቁብ ነበራት። በመስቀል ሸክላዋ ያልሞላ ሴት በሰው ፊት ምን ብላ ትቆማለች? ስለዚህ ቅቤው ወደ እኛ አፍ አይመጣም፤ እኛም አንጠይቅም፤ የሁሉም ቤት ልጅ እንደዚሁ ነበር። ጠግበን እየተኛን ነው ዓይናችን የጠፋው።

አንድ ምሽት አዬ ከጓሮ ደረቅ የእንሰት ቅጠል እንዳመጣ ላከችኝ። ከበሩ ስወጣ ፊቴ ላይ ጨርቅ የጣሉብኝ መሰለኝ። ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ ነው፤ ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ ይሰማኛል፣ ሰላምታም ይለዋወጣሉ። እኔ ግን መሬቱን አላየውም። ሁለት እርምጃ ሄጄ ከላማችን ጎን ጋር ተጋጨሁ። እሷ ዞር ብላ አሸተተችኝ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ ጠዋት ሩቅ ያለ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ወፍ ላባዋ ሳይቀር ታየኝ። በምሽቱ ደግሞ ያው ሆነ።

ለማንም አልተናገርኩም። ያ ውል ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። ከበሩ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ መኝታችን ስንት እርምጃ እንደሆነ ቀን ቀን ቆጠርኩና አጠናሁት። ጨለም ሲል በቁጥር እሄዳለሁ። ወደ ውጭ እንዳልላክ ቀድሜ ቅጠሉንም እንጨቱንም በብርሃን አስገባለሁ። አዬ "ይህች ልጅ ዘንድሮ ጎበዘች" አለች። ሞኝ ብሆን ኖሮ ሁላችንም በተረፍን።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አመነችም ያዛት። ሲመሽ ባለችበት ቁጭ ትላለች፤ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ "ማርታ" ትለኛለች። ሌላ ሰው ቢያያት ፍርሃት ይመስለዋል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ለማረጋገጥ የተጠበሰ በቆሎ አፏ ፊት ያዝኩላት። ከንፈሯን እስኪነካት ድረስ አላየችውም። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን ስለ እሷ አልነበረም። የእሷ ከታወቀ አዬ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ "አንቺስ?" ትለኛለች ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስለዚህ ጨዋታ ፈጠርኩላት። "እኔ ላም ነኝ፣ አንቺ ጅራት ነሽ" አልኳት። የቀሚሴን ጫፍ ትይዛለች፤ እኔ እየቆጠርኩ እመራለሁ፣ እሷ ከኋላ ትከተላለች። "ለአዬ ከነገርሽ ጨዋታው ይቀራል።" አራት ዓመቷ ነበር፤ ምስጢር ስትጠብቅ ግን ትልቅ ሰው አይደርስባትም። አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችም። ጎረቤቶች "እንዲህ ያለች ታላቅ እህት የት ይገኛል" እያሉ አመሰገኑኝ። አዬም "ይህቺ ልጅ ማርታ ላይ ተሰፋች" ብላ ትስቅ ነበር። እኔም ምስጋናውን እየተቀበልኩ ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

ዓይናችን በቀንም ተለወጠ። የአመነች የዓይኗ ነጩ ክፍል እርጥበቱና ወዙ ጠፋ፤ ዓይኗን ስታዞር ይሸበሸባል። በጆሮዋ በኩል ባለው ጥግ ትንሽ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ተለጠፈባት። አዬ የምድጃ ጢስ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላት ነበር። ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ይህን አረፋ ያየ ሰው ያን ዕለት ልጅቷን ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ማን ያውቃል ግን?

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። መንደሩን በሙሉ አዳረሰ። በእኛ አካባቢ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው የሚተኛው። በሩ ይዘጋል፣ ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈናል። ፀሐይ እንዳይነካው፣ የቅቤ ሽታ እንዳይደርሰው፣ ወተትና ሥጋ እንዳይቀምስ፣ ከውጭ የመጣ ሰው እንዳያየው ይጠበቃል። አዬ ይህን ሁሉ አንድ ሳታጓድል አደረገች። እናቷ ለእሷ እንደዚያ አድርጋላት ነው የዳነችው። ሁለታችንን ከግርዶሹ ጀርባ ጎን ለጎን አስተኛችን፤ የቅቤውንም ሸክላ ሽታው እንዳይጎዳን ብላ ጎረቤት አስቀመጠችው።

አመነች ሰውነቷ እንደ ፍም ነበር። በሩ ትንሽ ከተከፈተ "ዓይኔን!" ብላ ትጮኻለች። አዬ ይህን ስትሰማ የበለጠ ደፈነችው፤ "አያችሁ፣ ብርሃን ይጎዳታል" አለች። ልጅ ብርሃን ሲሸሽ ዓይኑ እየቆሰለ መሆኑን ማን ነግሯት? በጨለማ ውስጥ ደግሞ ማንም ማንንም አያይም። የአመነች ዓይን በዚያች ክፍል ውስጥ ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲፈስ እኔ እንኳ አላየሁትም።

አንድ ቀን ክንዴን ነካ ነካ አደረገችና "ማርታ፣ እስካሁን ማታ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ተኚ።"

"ጅራት ልሁን?"

"ኋላ" አልኳት። እኔም ትኩሳት ነበረኝ፣ ግራ ዓይኔ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ነበር። እሱ ግን ምክንያት አይሆነኝም።

ሽፍታው ከስሞ ወደ ውጭ ሲያወጡን አዬ የአመነችን ፊት በውሃ አጥባ ቀና አደረገቻት። የአመነች ቀኝ ዓይን የተቀቀለ እንቁላል መስሎ ነጥቷል፤ ግራው ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። እሷ ፊቷን ወደ ፀሐይ አቅንታ "አዬ፣ በሩን ክፈቺው" አለች።

አባቴ መጀመሪያ የወሰደን ወደ አረካ ነው፤ የገበያ ቀን ነበር። እዚያ ከገበያው ዳር በየሳምንቱ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። ዓይናችንን በአውራ ጣቱ ገልጦ አየና "ሙቀት ነው፣ ወደ ዓይን ወጥቶ ነው" አለ። ሁለታችንንም መቀመጫችን ላይ ወጋን። ሦስት ቀን ጠብቁ አለን፤ ጠበቅን። የእኔ ግራ ዓይን በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣው። በአራተኛው ቀን አባቴ የነበረችንን አንዲት ጊደር ሸጠ፤ አመነችን በጀርባው አዝሎ፣ አዬ እኔን በነጠላ ሸፍና በእጇ እየመራች ወደ ሶዶ ወጣን።

የክሊኒኩ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ከሁምቦ ቆላ በጋሪ የመጡ ነበሩ፣ በቃሬዛ የመጡም ነበሩ። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ሰው ይነሳል፣ አንድ ሰው ይገባል፣ ሌላው ተመልሶ ይቀመጣል። አንዲት የማናውቃት ሴት አመነች ፀሐይ ሲነካት ስታለቅስ አየችና ከእኛ ጎን ተነስታ በቀረው ጊዜ ሁሉ ጥላ ሆና ቆመችላት። ስሟን አልጠየቅናትም።

ተራችን ደርሶ ስንገባ የተቀበለን ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ማለት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው ነበር። አባቴ በሰባራ አማርኛው አስረዳው።

"ይኼ ልጅ ኩፍኝ ያዘው። ከዚያ ዓይኑ ጠፋ።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ነው።"

ድሬሰሩ የአመነችን ዓይን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከኩፍኙ በፊት ዳፍንት ነበረባት?" አለ። አባቴ ቃሉን አላወቀውም። "ሲመሽ ማየት ያቅታት ነበር ወይ? ትደናቀፍ ነበር?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። በወላይትኛ "ማርታ፣ ሁልጊዜ አብረሻት ያለሽው አንቺ ነሽ። ሲመሽ ታይ ነበር?" አለኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ታይ ነበር" አልኩት።

ያን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው፤ በዚያ አላበቃም። አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረኝ፣ የዓይኔን ሽፋን ገለጠ፣ አረፋውን አየ። "አንቺስ? አንቺ ሲመሽ ታያለሽ?" አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ ሕፃን ሆኜ ሳላስተውል የቀረሁ መሰለው፤ እኔም እንደዚያ ይምሰለው ብዬ ተውኩት።

ድሬሰሩ ለአባቴ ሳይደብቅ ነገረው። "የዚህችኛዋ ይድናል፤ ግራው ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ ቀኙ ግን ይተርፋል። የትንሿ ፈሷል፤ ብርሃኑ አይመለስም። ሲመሽ መደናቀፍ የጀመረች ሰሞን ብታመጧት ኖሮ በዓሣ ዘይትና በጉበት የሚድን ነበር።"

አባቴ ለአዬ አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመላት። አዬ ግራ ተጋብታ አየችው። "ሲመሽ መች ተደናቀፈች?" አለች። "እኔ ቤት አንድ ቀን ተደናቅፋ አታውቅም።"

እውነቷን ነበር፤ እኔ ስመራት ተደናቅፋ አታውቅም። ያኔም ግን አልተናገርኩም።

ሶዶ ብዙ ሳምንታት ቆየን። ያደርነው ከስልጤ አገር በመጡ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ብርሃን እንዳይወጋን ብለው ጆንያ ቀደው ሰቀሉልን። ድሬሰሩ ጉበት ብሏል። በክርስቲያን ሥጋ ቤት ደግሞ ጾም ስለነበረ ሥጋ አይሸጥም። ባለሱቁ አንድ ጠዋት የፍየል ጉበት በቅጠል ጠቅልለው መጡ። "አስተማሪ፣ በእኛ አገር ዳፍንት ለያዘው ጉበት ነው የሚሰጠው። የእኛ ሰው ያረደው ነው። ብትወስደው ደስ ይለኛል፣ ባትወስደውም አልቀየምህም" አሉት። በእኛ ዘንድ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ ጴንጤም ሆነ ኦርቶዶክስ በዚህ አይለያዩም ነበር። አዬ እጇን ሰበሰበች። አባቴ ቅጠሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ። ከዚያ ራሱ እሳት አነደደ፣ ራሱ ጠበሰ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሱ በላና እኛን አጎረሰን። ባለሱቁ በየጥቂት ቀኑ ያመጡልን ነበር። ወደ መንደር ስንመለስ ሽማግሌዎች ጠርተው ጠየቁት። "አዎ፣ በላሁ" አላቸው፤ ሌላ አልጨመረም። ለጥቂት ወራት እንዳይሰብክ አገዱት።

የዓሣ ዘይቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በማንኪያ ይሰጡናል፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እውጣለሁ። አመነች ግን "ይህን ከዋጥኩ ይነጋል?" እያለች ነበር የምትውጠው። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ ምሽት ላይ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የባለሱቁ ነጭ ቆብ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ታየኝ። ከዚያ በቅሎ ታየኝ። ከዚያ የአዬ እጅ፣ ጣቶቿ እያንዳንዳቸው። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች። ደስታዬን ለመናገር አፌን ስከፍት አመነች ከጎኔ "ማርታ፣ መሸ?" አለችኝ። አፌን ዘጋሁ። የዳንኩበት ቀን እንደዚህ ነው ያለፈው።

አዬ ቤት እንደገባች የቅቤውን ሸክላ ከጎረቤት አመጣችና በየቀኑ ለአመነች በትኩስ ቆጮ ታበላት ጀመር። ምንም እንደማይመልስ ተነግሯታል፤ ታበላታለች። መስቀል ሲደርስ ሸክላው ባዶ ነበር። ጎረቤት ሲሰበሰብ እሷ ከቤት አልወጣችም። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ "በጨለማ ዘግቼ ያጠፋኋት እኔ ነኝ" ትላለች። በየወሩ፣ በየዓመቱ ስትል ሰምቻለሁ። ስለ ትምህርቴ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችም፤ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ቀስቅሳ የምትልከኝ እሷ ሆነች። እኔም እየሄድኩ አነበብኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አዬ ደረቷን ታማ ሞተች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ከዚያ ሸክም ታርፍ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ይብሳል፤ በአመነች ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ በአዬ ጊዜ ግን አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ ሶዶ ሄጄ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆንኩ። የሆነውን ሁሉ በስሙ የተማርኩት እዚያ ነው። ዓይን የሚኖርበት አንድ ነገር አለ፤ በጉበት፣ በቅቤ፣ በእንቁላል አስኳል፣ በወተት፣ በጎመን ውስጥ ይገኛል። ሰውነት ይህ ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚጠፋው የምሽት እይታ ነው፤ ዳፍንት የምንለው። ቀጥሎ ዓይኑ ይደርቃል፣ አረፋ ያወጣል። እስከዚህ ድረስ በቀላሉ ይመለሳል። ኩፍኝ ከመጣ ግን የቀረችውን ጠብታ ጠርጎ ይወስድና በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑ ይሟሟል። ልጅሽ ሲመሽ ከጨዋታ ተነጥላ ቁጭ ካለች፣ የወደቀ ነገር በዳበሳ ከፈለገች፣ በሰው መመራት ካበዛች፣ ምግብ አቅርቢላትና እጇን ወዴት እንደምትልክ ተመልከቺ፤ ከዳበሰች ያንኑ ሰሞን ወደ ክሊኒክ ውሰጃት። ኩፍኝ ከያዛት በሩን ክፈቺ። ዓይኗን በየቀኑ በብርሃን እዪ። ቅቤውንም ስጪያት፤ መስቀል በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል።

ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድኩበት አንድ ቀን ለአመነች ነገርኳት። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የእንሰት ቃጫ ገመድ ትገምድ ነበር፤ የእሷን ገመድ ገበያ ላይ እየፈለጉ ነው የሚገዙት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

"ጅራት ያልሽኝ ለዚያ ነው?"

"አዎ።"

"ጨዋታ መስሎኝ ነበር" አለች። ቀጥላ "አዬ ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አታውቅም።"

"እንደዚያ እንዳለች ሞተች?"

"አዎ።"

ገመዷን ሰብስባ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አባቴ ምን እንደሆንን ሲጠይቀኝ ለእሱም ነገርኩት። "ያን ውል የገባሁት እኔ ነኝ" አለኝ። በእኛ ቤት ጥፋቱን ለሌላ የተወ ሰው የለም፤ ያለ ድርሻዋ የተሸከመችው ግን አዬ ብቻ ናት።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ቤት በነበርኩበት አንድ ከሰዓት አመነች በራሷ ወደ እኔ መጣች። በእጇ የጎረቤት ልጅ ይዛለች፤ ደስታ ትባላለች፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

"እይልኝ እስቲ" አለችኝ። "ቀን ቀን ትሮጣለች፣ እግሯ አይሰማም። ሲመሽ ግን አካሄዷ ይለወጣል፤ መሬቱን በእግሯ ትዳስሳለች፣ ቆም ቆም ትላለች። እናቷ ሰነፈች ትላለች። እኔ ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ።"

ልጅቷን ወደ ብርሃን አዞርኳት። አረፋው በሁለቱም ዓይኖቿ ጥግ ላይ ነበር፤ ሌላው ገና ጤነኛ ነው። ከሶዶ የዓሣ ዘይት አመጣሁላት። እናቷን ቁጭ አድርጌ ስለ ጉበቱ፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ቅቤው አስረዳኋት። እኔ ሥራ ላይ ስለሆንኩ በየቀኑ የሚከታተላት አመነች ነበረች። ልጅቷ ማንኪያውን እስክትውጥ ድረስ አጠገቧ ቁጭ ትላለች፤ ከዋጠችም በኋላ አፏን በጣቷ ዳስሳ ታረጋግጣለች አሉኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ መሽቶ ነበር። ሁለቱ አጥሩ አጠገብ ቆመዋል። የአመነች እጅ በደስታ ትከሻ ላይ ነው። የመጣሁበት መንገድ ከጀርባቸው ስለሆነ ቆም ብዬ አዳመጥኳቸው።

"ምን ይታይሻል?" አለቻት አመነች።

"አባባ ባሳ ከታች እየመጡ ነው። መጽሐፍ ይዘዋል።"

ወደዚያ ባይ፣ ከርቀቱ የተነሳ ለእኔ ጥላ ብቻ ነው የታየኝ።

"ሌላስ?"

"ሁለት ፍየሎች። አንዱ እግሩ ነጭ ነው።" ልጅቷ ዞር ዞር አለች። "እህትሽ መጥታለች። ከኋላችን ቆማለች።"

"ምን ታደርጋለች?"

"ታለቅሳለች።"

አመነች ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

"ተያት፣ ታልቅስ" አለቻት። "ሌላስ ምን ይታይሻል?"